በሹክሹክታ ሰዓት የተባለ እሺ

አራቱ ጓደኛሞች በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ የሚገናኙት ለመጠያየቅ አልነበረም፤ ለመዋጋት ነበር። አንድ ሰፈር አድገው፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረው፣ ኑሮ በየከተማው ከበተናቸው በኋላ፣ በስልክ መስኮት ተደርድረው አምስት መቶ ዓመት ባለፈው የሰው ጦርነት ይፋጃሉ። ጨዋታው አንድ መነኩሴ በሮማው ጳጳስ ላይ ተነሥቶ አውሮፓ ለሁለት የተሰነጠቀችበትን ዘመን የሚያጫውት ነው፤ ጠረጴዛ የሚያክል ካርታ የተሳለበት ሰሌዳ፣ በእፍኝ የሚዘገኑ የእንጨት ወታደሮች፣ ዳይስና ለማንበብ ትዕግሥት የሚጠይቁ ካርዶች አሉት። አንዱ ጳጳሱን ይሆናል፣ ሌላው ንጉሠ ነገሥቱን፣ ሌላው የቱርኩን ሱልጣን፣ የቀረው ደግሞ በጳጳሱ ላይ ያመፁትን። ጨዋታ ማለት እንግዲህ ሲያልቅ የሚሳቅበት ነገር ነው። እነሱ ዘንድ ግን ካለቀ በኋላ አንዱ የሌላውን ስልክ ሳምንት ሙሉ አያነሣም ነበር።

ሰሌዳው የተዘረጋው አሳንሰር ጠጋኙ ቤት ነው። የሰው አሳንሰር ሲጠግን ይውላል፣ ማታ ግን አሳንሰር የሌለው ፎቅ ሦስተኛ ደርብ ድረስ ጉልበቱን እየያዘ በደረጃ ይወጣል። ጓደኞቹ አሳጥረው «አሳንሰር» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ጠበቃው ነው፤ «ሲወጣ ሲወርድ ይውላል እንጂ የትም አይደርስም» ብሎ። የመጀመሪያ ጊዜ አሳንሰር ራሱ ስቋል። ቀልድ ግን ሲደጋገም ስድብ ይሆናል፣ ጠበቃው ደግሞ አንዲት ቀልድ ከጣፈጠችው እንደ ማስቲካ ጣዕሟ እስኪያልቅ የሚያላምጥ ሰው ነው።

ስልኩን ከአሮጌ የመብራት መቆሚያ ላይ፣ ከተጣለ አሳንሰር በር በነቀለው ብረት አስሮ፣ ቁልቁል ሰሌዳውን እንዲያይ አንጠልጥሎታል። ስለዚህ ሦስቱ ተጫዋቾች የሚያዩት ሰሌዳውንና የሱን ሁለት እጆች ብቻ ነው፤ ፊቱን አያዩም። ካርድ ሲያድል ለየብቻ ይደውልላቸውና፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የእያንዳንዳቸውን ካርድ ለካሜራው ገልጦ ያሳያል። አይተው «በቃ» ሲሉት ገልብጦ ለእያንዳንዳቸው በሰፋው የጨርቅ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። አንድም ቀን አጮልቆ አያውቅም። የሚጣሉበት ነገር ሞልቷል፣ በዚህ ግን ተጣልተው አያውቁም።

ደግሞ የሁሉም እጅ እሱ ነው። «ሦስት ወታደር ወደዚህ» ሲሉት የሚያንቀሳቅሰው እሱ፣ «ዳይስ ጣልልኝ» ሲሉት የሚጥለው እሱ። ጠላት የሱን ከተማ ሲወርርም የጠላትን ወታደር አንሥቶ የራሱ ከተማ ላይ የሚያስቀምጠው በራሱ ጣቶች ነው። ይህን ሥራ ማንም አመስግኖት አያውቅም፤ «ቶሎ በል እንጂ» ግን በየጨዋታው ይሰማል።

ሱልጣኑን የምትጫወተው ነርሷ ናት፤ ትዕግሥቷን ሁሉ ለታካሚ አድላ ጨርሳ ለጓደኛ የምታስቀረው የሌላት ሴት። አመፀኞቹን የሚጫወተው መምህሩ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ «ዝም በሉ» ሲል ከርሞ እሁድ እሱን ዝም የሚያሰኘው የታጣ ሰው። ንጉሠ ነገሥቱ ጠበቃው፣ ጳጳሱ ደግሞ ራሱ አሳንሰር ነው። ጠበቃው ከጓደኝነቱ ሌላ የአሳንሰር አማች ነው፤ ታናሽ እህቱን አግብቷል። ወንድምና እህት ግን እናታቸው ባለፈው ታመው ተኝተው በነበረ ጊዜ «ማን አስታመመ፣ ማን ብቅ ብሎ ሄደ» ተባብለው ተኳርፈዋል። ከዚያ ወዲህ መነጋገር ሲኖርባቸው በጠበቃው በኩል ነው የሚነጋገሩት።

እናትየው የሚኖሩት ከአሳንሰር ጋር ነው። ጆሯቸው ከብዷል፤ ከሻሻቸው ሥር የምትገባ ትንሽ የመስሚያ መሣሪያ አላቸው። ጨዋታ ሲጀመር «የዳይሳችሁ ኳኳታ ጭንቅላቴን ይመታኛል» ብለው መሣሪያዋን ነቅለው መስኮቱ ደፍ ላይ ባለች ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጧታል። ከዚያ ጀርባቸውን ለሰሌዳው፣ ፊታቸውን ለመንገዱ ሰጥተው አሮጌ ሹራብ ይተረትራሉ፣ ክሩን ይጠቀልላሉ። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ እሳቸው ፊት ያልተባለ ነገር የለም። ስድቡም ሐሜቱም ከጀርባቸው ይነገራል፤ እሳቸው ክራቸውን ይጠቀልላሉ።

አሁን እንግዲህ ወደ ነገሩ። አሳንሰር ሥራ አግኝቷል። ትልልቅ ፎቆች በሚሠሩበት ሩቅ ከተማ፣ የአሳንሰር ገጣሚዎች አለቃ ሆኖ ተጠርቷል። ሌላው አሳንሰሩ የሚመላለስበት ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ እሱ ከላይ ቆሞ የሚያዝበት ሥራ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በዘይት ተለውሶ ጉድጓድ ሲንበረከክ የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው የተንበረከከ ያውቀዋል። ጉልበቱ ከእንግዲህ ብዙ አይቆይለትም። እምቢ ካለ ሁለተኛ የሚጠራው የለም። የሚሰጡት ማደሪያ ግን ከሠራተኞች ጋር ተደራርበው የሚተኙበት ነው፤ እናት ይዞ አይገባበትም። እናቱ ከእህቱ ዘንድ ካልሄዱ እሱ የትም አይሄድም።

ስለዚህ ለጠበቃው ደወለ። «የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ በመኪናህ መጥታችሁ እማዬን ትወስዱልኛላችሁ። ለእህቴ አንተ ንገራት» አለው።

«እሺ» አለ ጠበቃው።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እሺ ይበልጣል ከሺህ ሲባል አልሰማህም?» ብሎ ሳቀ።

በዚያው ምሽት ራት ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለእናቱ ነገራቸው። «እማዬ፣ ሥራ አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ልጅሽ ጋ ትሄጃለሽ፤ ለጊዜው ነው።» እናትየው ማንኪያቸውን አስቀምጠው ትንሽ ካዩት በኋላ «እሺ» አሉ።  አሳንሰር ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሣለት ያህል ቀለለውና ሳህኑን እያፏጨ አጠበ።

እሁድ መጣ። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት «የሹክሹክታ ሰዓት» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ለብቻ ይደዋወሉና ይዋዋላሉ፣ ያማሉ፣ ያስፈራራሉ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ሲመለሱ ውል ያለው ሰው በሁሉም ፊት ይናገራል። በሁሉም ፊት የተነገረ ውል አይፈርስም፤ ይህ የጨዋታው ሕግ ነው። በሹክሹክታ የቀረ ግን ባለቤት የለውም።

በመጀመሪያ የደወለችው ነርሷ ናት። «ከእኔ ጋር ብትዋዋል ይሻልሃል» አለችው። «ጠበቃውን አምነህ ስትቀር አይሃለሁ።»

«የእህቴ ባል ነው እኮ።»

«እሱማ ነው» አለችና ዘጋችበት።

ቀጥሎ ጠበቃው ደወለ፤ ኦቾሎኒ እየቆረጠመ። ኦቾሎኒውን ማይኩ አጠገብ ነው የሚቆረጥመው፤ ተው ቢሉትም አይተውም።

«ሱልጣኗ ቪየና በር ላይ ቆማለች» አለ። «ብቻዬን አልችላትም። ጦርህን ከሮም አውጣና በባሕር በኩል ከኋላዋ ምታልኝ።»

«ሮም ባዶዋን ልትቀር?»

«ማን ይነካታል? መምህሩ እንደሆነ ጀርመን ውስጥ ተወሽቋል።»

«አንተ ነሃ! ጦርህ ሚላን ላይ ተቀምጧል። እኔ ካወጣሁ አትገባብኝም?»

«እሺ።»

«አትገባም?»

«እሺ አልኩህ እኮ፣ ወንድሜ።»

«ይፋ እናውጣው እንግዲህ።»

«ይፋ ካወጣነው ነርሷ ሰምታ ትጠነቀቃለች፣ ጨዋታው ተበላሸ ማለት ነው። ደግሞ እኔና አንተ መሃል ምን ይፋ ያስፈልገዋል? ቤተሰብ አይደለንም?» ኦቾሎኒውን ቆረጠመ።

አሳንሰር ነገሩ ከነከነው። ግን ቅዳሜ ደርሷል፣ ከጠበቃው ጋር በእንጨት ወታደር ምክንያት የሚጣላበት ሳምንት አልነበረም። «ይሁን» አለ።

ሁሉም ሲመለሱ ማንም ውል አልተናገረም። አሳንሰር የጳጳሱን ጦር አንድ በአንድ ከሮም አንሥቶ መርከብ ላይ ጫነ፤ አንድ ዘበኛ ብቻ ቀረ። ዳይስ ጣለ፣ የነርሷን መርከቦች ሰበረ። ነርሷ የተናገረችው ነገር ከሆስፒታል የተማረችው አልነበረም። ከዚያ የንጉሠ ነገሥቱ ተራ ደረሰ።

«ከሚላን አራት ወታደር» አለ ጠበቃው።

አሳንሰር አራቱን በጣቶቹ ሰበሰበ። «ወዴት?»

«ወደ ደቡብ።»

«ደቡብ የት?»

«ሮም።»

እጁ ሰሌዳው ላይ ቆመ። ሦስቱም በየስልካቸው ያንን የቆመ እጅ ያዩታል፤ በጥፍሩ ዙሪያ የማይለቅ ዘይት የገባበት፣ አራት እንጨት የጨበጠ እጅ። መጀመሪያ የሳቀው መምህሩ ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች!» አለ። «ጳጳሱ መርከብ ሊሰብር ሄዶ ቤቱን ሰጠ!»

«እሺ ብለኸኝ ነበር» አለ አሳንሰር።

«ብዬሃለሁ» አለ ጠበቃው።

«አትገባም ብዬ ጠየቅኩህ፣ እሺ አልከኝ።»

«አዎ። አልገባም አልኩህ?»

«እሺ አልከኝ እኮ ነው የምልህ!»

«ስማ» አለ ጠበቃው፤ ድምፁ ችሎት ገብቶ ካባውን የለበሰ መሰለ። «እሺ ማለት ሰማሁ ማለት ነው። የምትለው ገብቶኛል፣ ቀጥል ማለት ነው። ተስማማሁ ማለት ሌላ ነው፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ ማለት ሌላ ነው። የፈለግከው እሱን ከሆነ እሱን ታስብለኝ ነበር። በእሺ የተዋዋለ ሰው ፍርድ ቤት መጥቶ ሲያለቅስ በየቀኑ ነው የማየው።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሰው ያለውን ይሆናል እንጂ!»

«እኔማ ያልኩትን ሆኛለሁ። ሰምቼሃለሁ።»

ነርሷም ነገሩን ተቀብላ ቀጠለች። አዝናለት አይደለም፤ መርከቦቿ አንገብግበዋት ነው። «ታካሚን መርፌ ልወጋህ ነው ስለው እሺ ይለኛል፤ ወዲያው ክንዱን ብርድ ልብሱ ውስጥ ይደብቃል። እሺ እንደሱ ነው፣ አሳንሰር። ይሄ ዕድሜህ ይሄን አላስተማረህም?»

«እኔ ክፍል ደግሞ» አለ መምህሩ፣ «የቤት ሥራ ሠርታችሁ ኑ ስላቸው እንደ መዝሙር በአንድ ድምፅ ነው እሺ የሚሉት። በማግስቱ ደብተር የያዘ አላገኝም።»

ሦስቱም ሳቁ። የእሁዱ ጨዋታ ከተጀመረ ወዲህ ሦስቱ የተስማሙበት ብቸኛው ነገር ይህ ነበር። አሳንሰር ፊቱ ስለማይታይ ብቻ አመሰገነ። «ቶሎ በል እንጂ» አለ ጠበቃው። አሳንሰር አራቱን ወታደሮች ሮም ላይ አስቀመጠ። ዳይሱን ለጠበቃው ጣለ፤ መልካም ወጣለት። ሊዋሽ ይችል ነበር፣ ዳይሱ የቆመው የመብራት መቆሚያው ጥላ ውስጥ ነውና ከካሜራው በደንብ አይታይም። «ስድስትና አምስት» ብሎ እውነቱን ተናገረና የራሱን ዘበኛ አንሥቶ ወደ ሣጥኑ ወረወረው።

እጁን ከሮም ላይ ሳያነሣ ነው ነገሩ የገባው። 

«የቅዳሜውስ እሺ የትኛው ነው?» አለ።

«የምን ቅዳሜ?»

«የእማዬ።»

የኦቾሎኒው ድምፅ ቆመ። «እሱን በኋላ ለብቻችን እንነጋገራለን። አሁን ጨዋታ ላይ ነን» አለ ጠበቃው።

«አሁን ንገረኝ። ትመጣላችሁ ወይስ ሰምተኸኛል?»

«አየህ፣ ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው። ክፍሉም ገና ቀለም አልተቀባም። እኔ እኮ እናስብበታለን ማለቴ…»

«ለእህቴ ነግረሃታል?»

ጠበቃው ከመመለሱ በፊት ከኋላው በር ተከፈተ። እህትየው እጇን በፎጣ እያደረቀች ገብታ ከባሏ ትከሻ በላይ ታየች። ወንድሟን ፊት ለፊት ካየችው ወራት አልፈዋል፤ አሁንም የምታየው እጁን ነው።

«የምን ቅዳሜ ነው?» አለች።

ጠበቃው ድምፁን ዘጋው። ምስሉ ግን አልተዘጋም። እህትየው ስትናገር፣ ጠበቃው እጁን ሲያወናጭፍ፣ እሷ ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ ስትወረውር፣ ኦቾሎኒው ሲበተን ሁሉም ያያል፤ የሚሰማ ግን የለም። ፍርድ ቤት ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የሚሰማው ጠበቃ ቤቱ ውስጥ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፣ ድምፅ የለውም። ደስ ሊለው በተገባ ነበር፤ አሳንሰር ግን ደስ አላለውም። ከዚያ የጠበቃው መስኮት ጥቁር ሆነ።

«እናንተ የቤታችሁን ጉድ ጨርሱ» አለች ነርሷ፣ «እኔ ፈረቃ አለብኝ።» ወጣች።

መምህሩ ብቻ ቀረ። «እና ሮም ተይዛለች ወይስ አልተያዘችም?» አለ። «በሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ እንዳንጨቃጨቅ።»

አሳንሰር ስልኩን ከተሰቀለበት ፈትቶ ወደ ራሱ አዞረው። መምህሩ በዚያ ጨዋታ ላይ ፊቱን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

«ተይዛለች» አለው አሳንሰርና ዘጋው።

 ታች መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ይጮኻል። አሳንሰር ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ አማቹን አባቱንም ሙያውንም ኦቾሎኒውንም እያነሣ ሰደበው። ሲደክመው ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ለራሱ ተናገረ።

«አሁን እሷን የት አባቴ ልጣላት?»

«ጣለኝ ያለህ የለም» አሉ እናቱ።

አልዞሩም። ክሩን ይስባሉ፣ ይጠቀልላሉ። አሳንሰር የመስኮቱን ደፍ አየ፤ የቆርቆሮዋ ሣጥን ክዳኗ ተከፍቶ ባዶዋን ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ መሣሪያሽን አላወጣሽውም?»

«ዛሬ አላወጣሁትም። ሊሄድ ነው፣ ድምፁን ልጥገበው ብዬ ነው» አሉ። «ጠገብኩ።»

ፊቱ ጋለ። ይቅርታ ማለት ነበረበት፤ ሰው ግን ሲያፍር መጀመሪያ የሚመጣለት ይቅርታ አይደለም፣ ቁጣ ነው። «እንግዲህ ከሰማሽ ሰምተሻል» አለ። «ባይመጡም እኔ ራሴ መኪና ተከራይቼ ቅዳሜ አደርስሻለሁ። እህቴ ከደጃፏ አትመልስሽም።»

«የትም አልሄድም።»

«እሺ ብለሽኝ ነበር እኮ!»

«ብዬሃለሁ።» አሁን ዞሩ። ሻሻቸው ከጆሯቸው ላይ ሸሸት ብሎ መሣሪያዋ ታየች። «እሺ ማለት ሰማሁ ማለት ነው። አሁን ያ ሰውዬ ሲያስረዳህ አልነበረም እንዴ? ቅዳሜ ትሄጃለሽ አልከኝ። ትሄጃለሽ ወይ አላልከኝም። እኔ ዕቃ ነኝ? ከዚህ አንሥተህ እዚያ የምታስቀምጠኝ፣ እንደዚህ እንጨትህ?»

«እኔስ?» ተነሥቶ ቆመ፤ ጉልበቱ ቀጭ አለ። «እኔስ ምንድነኝ? ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክኬ ስንት ዓመቴ ነው? ሌላው አግብቶ ወልዶ ቤት ቀለም ሲቀባ እኔ ይሄን ደረጃ ስወጣ ስወርድ አረጀሁ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ከላይ ቁም ሲሉኝ አንቺ…» 

«ሂድ። ማን ያዘህ?»

«ብቻሽን ልትኖሪ? ደረጃውን መውረድ አትችይም!»

«አሳንሰር ሥራልኛ» አሉት።

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሲሉ አብረው ይስቁ ነበር።  እናትየው የጠቀለሉትን ክር ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ያዙት። 

«የሷ ቤት ደግ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሷም ልጄ ናት። ግን እዚያ እንግዳ ነኝ። ሰው ሲያወራ አፉን አይቼ እስቃለሁ እንጂ የሚለውን አላውቀውም። እዚህ ግን ደረጃው ላይ ኮቴህን አውቀዋለሁ። መሣሪያው ባይኖርም አውቀዋለሁ፤ ወለሉ ይነግረኛል።» ቀና ብለው አዩት። «አትሂድብኝ ልጄ።»

ይህን ቃል ከእናቱ አፍ ሰምቶ አያውቅም። ሲታመሙም አላሉትም፣ ሲወድቁም አላሉትም። ሌላ ሰዓት ቢሆን አንጀቱን ይበላው ነበር። አሁን ግን የጠበቃው ሳቅ፣ የነርሷ ምክር፣ የመምህሩ ተረት፣ ሁሉም አንድ ላይ ጆሮው ውስጥ ያስተጋባል። የሚመታው አጣ፤ አጠገቡ ያሉት እናቱ ብቻ ናቸው።

«እሺ» አለ።

እናትየው ጠበቁ። 

«የቱ እሺ ነው?» አሉት።

«ሰማሁ ማለት ነው» አላቸው።

አፉን ሳይገጥም ቆጨው። እናትየው አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። እጃቸውን ወደ ሻሻቸው ሥር ከተቱ፣ መሣሪያዋን ነቀሉ፣ የቆርቆሮ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጧትና ክዳኗን ጫን አድርገው ዘጉ። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረው የሹራቡን ጫፍ ፈለጉ፤ አገኙት፤ መተርተር ጀመሩ።

አሳንሰር ከጀርባቸው ቆሞ ቀረ። ቁጣው እንደ ውሃ ፈሶ አለቀና ውስጡ ባዶ ሆነ። ሰሌዳው ላይ የጠበቃው አራት ወታደሮች በገዛ እጁ ባስገባቸው ከተማ ቆመዋል። የራሱ ጦር መርከብ ላይ፣ መመለሻ በሌለበት ባሕር መሃል ነው። ሩቁን ከተማ አሰበ፤ ከላይ የሚቆምበትን፣ ሌላ ሰው ጉድጓድ የሚወርድበትን። ከዚያ ማንም የማይመጣበትን ደረጃ እየሰሙ የሚቀመጡ እናቱን አሰበ፤ ወለሉ ምንም የማይነግራቸው።

«እሺ፣ እማዬ» አለ። «እሺ። አልሄድም።»

የልቡን ነበር። እናቱ ግን አልሰሙም። ክሩን ይስባሉ፣ ይጠቀልላሉ።

ትከሻቸውን ነካ ቢያደርጋቸው ይዞሩ ነበር። እጁን ዘረጋ። ክንዳቸው ላይ ሳይደርስ ወደ ሰሌዳው መለሰውና ወታደሮቹን መልቀም ጀመረ።